ጊዜ የሌለበት ቁልቁለት

ፒያሳ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስጠናለሁ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፍላጎትን ሕግ (ዋጋ ሲጨምር የሚገዛው መጠን ይቀንሳል) በቃላቸው ያንበለብሉታል። ቁልቁል የሚወርደውን ግራፍ ሥዬ «ይሄ መስመር ምን ይላል?» ስል ግን ብዙዎቹ «ፍላጎት እየቀነሰ ነው» ይሉኛል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር እንደሚወርደው ቸርችል ጎዳና፣ መስመሩ ሰው የሚሄድበት፣ ጊዜም የሚያልፍበት ይመስላቸዋል። ሥዕሉ ውስጥ ግን ጊዜ የለም። እያንዳንዷ ነጥብ «ዋጋው ይህ ቢሆን ይህን ያህል ይገዛ ነበር» ትላለች፤ ሁሉም ነጥቦች የአንድ ቀን ናቸው።

አቅርቦት ላይ ስንደርስ ይብሳል። የጤፍ አቅርቦት ቀነሰ እንበል። መስመሩ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ወደ ግራ ሲሸሽ ደግሞ ለዓይን ከፍ ያለ ይመስላል። ተማሪው «አቅርቦት ጨመረ» ብሎ ይጽፋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ዓይኑን አምኖ ነው። ስለዚህ ስለ መስመር ስናወራ «ከፍ አለ»፣ «ዝቅ አለ» ማለትን ከልክያለሁ። ማስመሪያውን በአንድ ዋጋ ላይ አግድም አስቀምጡ እልና «በዚህ ዋጋ መጀመሪያ ስንት ኩንታል ይቀርብ ነበር? አሁንስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔ የሚያነቡት ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይሆናል።

የግራ መጋባቱ ግማሽ የኢኮኖሚስቱ የአልፍሬድ ማርሻል ዕዳ ነው። የተማሪዎቼ የሂሳብ መምህር ምክንያቱን በአግድም ዘንግ፣ ውጤቱን በቋሚው አስቀምጡ ይላቸዋል፤ በፍላጎት ሕግ ደግሞ ምክንያቱ ዋጋው ነው። ፈረንሳዊው ኢኮኖሚስት ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 ዋጋን በአግድም ነበር ያስቀመጠው። ማርሻል ግን በ1890 መጽሐፉ ዋጋን አቆመው፤ እንደቆመ ቀረ። (ዋጋው አግድም እንዲሆንለት ወረቀቱን የሚያዞር ተማሪ ሳይ ደስ ይለኛል።)

አንዳንዴ ግራፉን ትተን ተማሪዎቼን ወደ ሠፈሩ ወርቅ ቤቶች ይዣቸው እወጣለሁ። ለምን ጎን ለጎን ተደረደሩ? ኢኮኖሚስቱ ሆቴሊንግ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ሻጮች ደንበኛ ፍለጋ ወደ መሃል እንደሚጠጋጉ አሳይቷል፤ መንገዱን በእግራቸው ሲለኩት ቶሎ ይገባቸዋል። ክርክሩ የሚነሳው አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ነው። የከተማው ትልቅ ገበያ እዚህ ነበር፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሠፈር አዛወሩት። በሆቴሊንግ መስመር ነጋዴው በራሱ ፈቃድ ይሄዳል፣ ይህን ገበያ ያንቀሳቀሰው ግን ትእዛዝ ነው። ታዲያ አራዳ የቀረው ባለሱቅ ግራፍ ምን ይሆናል? እኔ የፍላጎት መስመሩን ወደ ግራ እገፋለሁ። ተማሪዎቼ ግን «ኪራዩም አብሮ ወርዶ ይሆናል፤ አቅርቦቱን ለምን ዝም አልከው?» ይሉኛል።