የሊኑክስ ስርጭቶችን ስለምንፈትንበት ዘዴ

በግል ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስን ልዩ ልዩ ስርጭቶች እየጫኑ መሞከር በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነገር ሆኗል። አንዱ ዛሬ ኡቡንቱን ይጭናል፤ በሳምንቱ ፌዶራን ያመጣል፤ ወር ሳይሞላው ደግሞ «አርች ይሻላል» ብሎ ሃርድ ዲስኩን እንደ ገና ያጠፋል። ከዚያም «ይህኛው ፈጣን ነው፤ ያኛው አይረባም» ሲል ይፈርዳል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንነቅፈው ሙከራውን ሳይሆን ከሙከራው የሚወጣውን ፍርድ ነው። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ያረፈው በስርጭቱ ላይ ሳይሆን በሌላ ነገር ላይ ሆኖ አግኝተነዋልና።

አስቀድሞ ስርጭት ማለት ምን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያዝ ከርነል ብቻ ነው። ይህን ከርነል ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ፣ እያደሰና እየጠበቀ ለተጠቃሚው የሚያደርሰው ሥራ ስርጭት ይባላል። ስላክዌርና ዴቢያን በ1993፣ ፌዶራ በ2003 ተጀመሩ። በ2004 የወጣው ኡቡንቱ በዴቢያን ላይ፣ በ2006 የወጣው ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ስሙ ብዙ ቢሆንም የዘሩ ሐረግ ጥቂት መሆኑን ልብ ይሏል።

የመጀመሪያው ስሕተት መልክን ከባሕርይ ጋር ማደባለቅ ነው። አንድ ሰው «ፌዶራ ከሚንት ይልቅ ያምራል» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው ግኖምን ከሲናመን ጋር ነው። እነዚህ ግን በብዙ ስርጭቶች ላይ ሊጫኑ የሚችሉ ዴስክቶፖች እንጂ ስርጭቶች አይደሉም። ልብሱን ዐይቶ ስለ ሰውዬው ጠባይ እንደ መመስከር ያለ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በፍላሽ ላይ ያለውን ሙከራ እንደ ሙሉ ምስክር መቁጠር ነው። በዚህ እኛም ተሳስተን ነበር። ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ስርጭቶችን ከሁለት ፍላሾች አስነሥተን አንደኛውን «ቀርፋፋ ነው» ብለን ጣልነው። በኋላ ግን ሁለቱንም በየተራ በሃርድ ዲስኩ ላይ ጭነን፣ በሁለቱም ላይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ዴስክቶፕ አድርገን ብናያቸው ልዩነታቸው ሊታወቀን አልቻለም። ለካ ቀርፋፋው ፍላሹ ኖሯል።

ሦስተኛው ስሕተት ምክንያቱን ሳይጠይቁ መፍረድ ነው። ዴቢያንን ከ2023 በፊት የሞከረ ሰው ዋይፋዩ አልሠራ ብሎት ሊሆን ይችላል። ይህ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ስርጭቱ ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር በመደበኛው መጫኛ ውስጥ አይግባ የሚል መርሕ ስለ ነበረው ነው። አባሎቹ በ2022 ድምፅ ሰጥተው መርሑን ስለ ለወጡት በ2023 ከወጣው ከ12ኛው እትም ጀምሮ ፈርምዌሩ አብሮ ይመጣል። በመርሑ መስማማትም መቃወምም ይቻላል፤ ነገር ግን መርሕን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ማለፍ ምርመራ አይባልም።

የአማርኛም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል። አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽም ሆነ፣ በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየመቱ ግዕዝ የሚያወጣው የአጻጻፍ ዘዴ በዴቢያንም በፌዶራም የፓኬጅ ማከማቻ ይገኛል። ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ የታየው ሰው «ይህ ስርጭት አማርኛ አያውቅም» ከማለቱ በፊት ፓኬጁን መጫን አለመጫኑን ይመልከት።

ታዲያ እውነተኛው ልዩነት የት ነው ቢሉ፣ በጊዜና በጥበቃ ላይ ነው እንላለን። የኡቡንቱ የረዥም ጊዜ እትም በየሁለት ዓመቱ ወጥቶ 5 ዓመት መደበኛ ጥበቃ ያገኛል። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ያወጣል፤ እያንዳንዱም የሚጠበቀው 13 ወር ያህል ነው። አርች ግን እትም የሚባል ነገር ሳይኖረው ያለማቋረጥ ይታደሳል። አዲስ ነገር ለሚሻ ይህ መልካም ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚጨርስበት ሳምንት ፕሮግራሙ እንዳይለወጥበት ለሚፈልግ ግን ሌላው ይሻለዋል። ይህን ልዩነት የሦስት ቀን ሙከራ ሊያሳይ አይችልም።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምክንያት እንጨምር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የነጻ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ሌላ ለመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ «የቱን ልጫን?» ብሎ ሲጠይቀን የምንሰጠው መልስ ለዓመታት የሚሠራበትን መሣሪያ ይወስናል። በችኰላ ፍርድ ብንመራው ተጎጂው እርሱ ነው።

እየለዋወጡ መሞከር ጥቅም የለውም አንልም። ዲስክ መከፋፈልን፣ ፓኬጅ ማስተዳደርን፣ የጠፋን ነገር መመለስን ያስተምራል። ዳሩ ግን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፣ ፋይሉን በሌላ ቦታ ሳያስቀምጥ ዲስኩን የሚያጠፋ ሰው ትምህርቱን በውድ ዋጋ ይገዛዋል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሁለት ስርጭቶች ሲወዳደሩ ኮምፒውተሩም ዴስክቶፑም አንድ ይሁን። ችግር ሲገጥም የችግሩ ምክንያት ይጻፍ። ፍርዱም ቢያንስ አንድ የትምህርት መንፈቅ ከተሠራበትና አንድ ትልቅ እድሳት ከታለፈ በኋላ ይሰጥ። ይህን ያደረገ ሰው ምናልባት ከሁለት ስርጭቶች በላይ አያውቅ ይሆናል፤ ስለ ሁለቱ የሚሰጠው ምስክርነት ግን ሃያውን ከቀመሰው ይልቅ የሚታመን ይሆናል።