ስለ አንድ የጀማሪዎች መጽሐፍ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የቅኔ ቤትን ሥርዓት ያየ ሰው፣ ተማሪው ወደ ምስጢሩ ከመግባቱ አስቀድሞ ግስ እንዲያጠና፣ እርባታውንም በቃሉ እንዲይዝ የሚደረግበትን ምክንያት አይስተውም፤ እኔም አለን ዳውኒ የተባለው አሜሪካዊ መምህር ለፕሮግራም ጀማሪዎች ያዘጋጀውን «ቲንክ ፓይተን» የተሰኘ መጽሐፍ በተመለከትሁ ጊዜ፣ እያንዳንዱን የሙያ ቃል መጀመሪያ ሲጠራው እየፈታ፣ በምዕራፉም ፍጻሜ ሁሉንም ሰብስቦ እየተረጐመ ሲሄድ ስላገኘሁት፣ የአባቶች ሥርዓት በባዕድ ልሳን የተገለጠ ያህል ደስ አለኝ።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መምህሩ ደቀ መዛሙርቱ ወፍራሙን መማሪያ እንደማያነቡት ተመልክቶ፣ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በቀን አንድ አሥር ገጽ ያህል ምዕራፍ እየጻፈ በ13 ቀን ፈጸመው። ያ የመጀመሪያው ጃቫ ስለ ተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነበርና ጄፍ ኤልክነር የተባለ የቨርጂኒያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ፓይተን ወደ ተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ መለሰው፤ ይህም የሆነው ደራሲው መጽሐፉ እንዲገለበጥና እንዲሻሻል ስለ ፈቀደ ነው። እንግዲህ የመጻሕፍት መደብር ሩቅ በሆነበት አገራችን አንድ ተማሪ ለንግድ ሳያውለው በፍላሽ ይዞ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ለባልንጀራው ቢያደርሰው የማንንም መብት አልነካም።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው በየምዕራፉ ስሕተትን ስለ ማረም የተሰጠውን አንቀጽ ነው፤ ጀማሪው መሳሳቱን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ትምህርቱ ክፍል ይቈጥረዋልና። ልሳኑ እንግሊዝኛ መሆኑ ግን ለገጠር ልጅ ዕጥፍ ድካም ነው፤ ወደ አማርኛ ለሚመልሰው ሰው በሩ ክፍት ነው።