የወደቁት ዜና መዋዕል፦ ስለ ጽናት ብዙ ያልተወራላቸው መጻሕፍት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ ደርድረው የሚዞሩ አዟሪዎች ዛሬ በብዛት የሚይዙት «አነቃቂ» የሚባለውን ዘርፍ ነው። የስኬት ምስጢር፣ የሀብት መንገድ፣ የአስተሳሰብ ኃይል፤ አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ፣ ጥቂቶቹ በአገር ልጅ የተጻፉ ናቸው። ገዢያቸው ብዙ ነው። ይህን ገዢ የሚንቅ አስተያየት ከምሁራን አፍ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ አልስማማበትም። ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰበት፣ ወይም በስደት አገር ሌሊቱን ሠርቶ ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ከዕለት ወጪው ቀንሶ መጽሐፍ ሲገዛ የሚፈልገውን ያውቃል። ነገ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር ነው የሚፈልገው። ፈላጊው ልክ ነው። ጥያቄዬ ያለው የሚቀርብለት መጽሐፍ ላይ ነው።

ዘርፉ የትውልድ ሐረግ አለው። ብዙዎች ምንጩ አድርገው የሚቆጥሩት ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ሰልፍ ሄልፕ» ነው። መነሻው ሊድስ በተባለችው የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ማታ ማታ እየተሰበሰቡ እርስ በርስ ይማማሩ ለነበሩ ወጣት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ነው። ስማይልስ ከድህነት ተነሥተው ትልቅ ደረጃ የደረሱ መሐንዲሶችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና የፈጠራ ሰዎችን ሕይወት እያነሣ አንባቢውም በትጋት ተመሳሳይ ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል ያስረዳል። በ1871 እ.ኤ.አ. ናካሙራ ማሳናኦ ወደ ጃፓንኛ መልሶት በሜይጂ ዘመን ጃፓን እጅግ ተነቧል። ስማይልስ ቅን ጸሐፊ ነበር። በ1866 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም መግቢያ የተሰነዘሩበትን ወቀሳዎች ራሱ አንሥቶ ይመልሳል። ከእነዚህ አንዱ ለዛሬው ጉዳያችን ዋና ነው። ፕሉታርክ የታላላቆቹን ሕይወት እንደጻፈ ሁሉ ለወደቁትስ ለምን ጸሐፊ አይኖራቸውም? ስለ ተሳካላቸው ብዙ ተባለ፤ ሞክረው ስላልሆነላቸው ብዙኃን ግን ዝም ተባለ። ስማይልስ ሲመልስ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዳይጻፍ የሚከለክል ነገር እንደሌለ ተቀብሎ፣ የውድቀት ብቻ መዝገብ ግን ልብ የሚሰብርና ትምህርት የማይገኝበት ይሆናል አለ።

ዘርፉ ከዚያ ወዲህ የተጓዘው በዚህ መልስ ላይ ነው። ችግር በአነቃቂ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ወደ ድል የሚያሸጋግር ምዕራፍ ሆኖ ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ካልተከፈለ አይጻፍም። ነገር ግን አብዛኛው የሰው ልጅ መከራ አይከፈልም። የሞተ ልጅ አይመለስም፣ በእስር ያለፈ ወጣትነት አይተካም፣ የተሸነፈ ጦር ወደ ኋላ ተመልሶ አያሸንፍም። ለእንዲህ ያለው ሰው የስኬት ታሪክ መስጠት ሁለተኛ ሸክም መጫን ነው፤ ከደረሰበት በላይ አለመነሣቱም የራሱ ጥፋት ሆኖ ይታየዋልና። እኔ የምለው፣ ስማይልስ ትምህርት አይገኝበትም ያለው መዝገብ በአማርኛና በግእዝ መደርደሪያችን ላይ አለ፣ የሚያጸናውም እሱ ነው። ችግሩ ብዙ ያልተወራለት መሆኑ ብቻ ነው።

ከሐዲስ ዓለማየሁ እንነሣ። ስማቸው ሲጠራ ሁሉም የሚያነሣው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። በ1985 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ካለፈ በኋላ ያወጡት «ትዝታ» ግን በልቦለዱ ጥላ ሥር ቀርቷል። መጽሐፉ የሽንፈት መጽሐፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ያስተምሩ የነበሩት ወጣቱ ሐዲስ ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። ያ ጦር በተከዜ ዳርቻ የመርዝ ጋዝ ወረደበት፤ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ሽሬ ላይ ተሸነፈ፤ የቀረው ወደ ጎጃም አፈገፈገ፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ አገር አቀና፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ። ቀጥሎ ምርኮ በኢጣሊያ፤ ፖንዛ የምትባል ትንሽ ደሴት፣ ከዚያም በሲሲሊ አጠገብ ያለችው ሊፓሪ። ሐዲስ ነጻ የወጡት የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ኢጣሊያ ሲገባ በ1943 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ታሪክ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ቢያገኘው ምን እንደሚያደርገው መገመት ቀላል ነው። ምርኮኛው አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነ፣ የአማርኛን ታላቅ ልቦለድ ጻፈ፣ ስለዚህ እስሩ በረከት ነበረ ይላል። ከዚህም የባሰ የሚያጓጓ ነገር አለ። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው በፖንዛ፣ ራስ እምሩ ይኖሩበት በነበረው ቤት ነው። የታሪክ ፍርድ ተፈጸመ ብሎ ለማጨብጨብ የተዘጋጀ መዝጊያ ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ አጋጣሚ ብርታት የሚወስድ አንባቢ ይሳሳታል እላለሁ። በደሴቲቱ ላይ ዓመታቸውን የቆጠሩት ምርኮኞች ይህ እንደሚሆን አያውቁም ነበር። የጸኑት ሳያውቁ ነው። «ትዝታ»ን የሚያስከብረውም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው በኋላ የሆኑትን ሰው ወደ ኋላ ወስደው የምርኮኛውን ቀን በእሱ አያበሩም። ማንን እንዳጡ፣ የት እንደተሸነፉ፣ ማን እንደከዳና ማን እንዳልከዳ በጥንቃቄ ይናገራሉ። ስለ ራሳቸው ስሜት ቁጥብ ናቸው፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ቁጥብ ናቸው ባይ ነኝ። አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቢከፍቱልን ብሎ የሚመኝበት ቦታ ብዙ ነው። ቢሆንም የተሸነፈ ሰው ክብሩን ሳይጥል ስለ ሽንፈቱ እንዴት እንደሚናገር ከዚህ የተሻለ የአማርኛ መምህር አላውቅም።

የሐዲስ ዘመነኛና የጎጃም ልጅ የሆነው ተመስገን ገብሬም «ሕይወቴ» የሚል ግለ ታሪክ ትቷል። ተመስገን «የጉለሌው ሰካራም» በሚለው አጭር ልቦለዱ ይታወቃል። ግለ ታሪኩ የታተመው ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በአዲስ አበባ ሲፈጸም ያየ ሰው የጻፈው ነውና ለታሪክ ምስክርነቱ ብቻ ይነበባል፤ ለጽናት መጽሐፍነቱ ሲነበብ አላየሁም። የሃይማኖት ስብከቱ ትረካውን አልፎ አልፎ ያቋርጠዋል። ነገር ግን ያ ስብከት ሰውየው በሬሳ መካከል ሲያልፍ የያዘው ብቸኛ ነገር መሆኑን ልብ ያለ አንባቢ አይሰለቸውም።

ከዘመናዊዎቹ ወደ ብራና ስንሻገር የሚጠብቀን መጽሐፍ ከሁሉም የሚከብደው ነው። የስክንድስ ዜና ይባላል። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ስለ ኖረ አንድ ዝምተኛ ፈላስፋ በግሪክኛ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ገብቶ በእኛ ሊቃውንት እጅ ሰፍቷል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በተከታታይ ቅጾች ያሳተሙት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር፣ ከመጽሐፈ ፈላስፋና ከዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ጋር አካተውታል። ዘርዓ ያዕቆብ በየመድረኩ ሲጠቀስና ስለ ደራሲነቱ ሲሟገቱበት ስክንድስን የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስክንድስ ገና ልጅ ሳለ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ይላካል። እዚያ ሴት ሁሉ አትታመንም የሚል ነገር ያነባል። አድጎ ሲመለስ ማንም አያውቀውም፤ ነገሩን በእናቱ ሊፈትን ይነሣል። እንደ እንግዳ ሆኖ በገረድ በኩል ገንዘብ ይልክባታል፤ እሷም ትስማማለች። ሌሊቱን ሳይነካት ከጎኗ አድሮ ጠዋት ልጇ መሆኑን ሲነግራት ራሷን ታንቃ ትሞታለች። ይህን ያደረገው አንደበቱ ነውና ስክንድስ ዳግም ላይናገር ይምላል። ንጉሡ ዝናውን ሰምቶ ያስጠራዋል፤ ካልተናገረ እንደሚገደል ያስፈራራዋል። ገዳዩን ግን በስውር ያዝዘዋል፤ ስክንድስ ነፍሱን ለማዳን ከተናገረ እንዲገደል፣ በዝምታው ከጸና እንዲመለስ። ስክንድስ አንገቱን ይዘረጋል፤ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ለንጉሡ ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሳል፤ የመጽሐፉ ሰፊ ክፍልም ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ነፍስ፣ ስለ ዓለም የሚጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ናቸው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ጠባሳ አለ። እናቲቱ ስም እንኳ ሳይኖራት የፈተና ዕቃ ሆናለች፤ ትረካው ስለ ሴቶች የተነበበውን ክፉ ቃል አያፈርስም። በዛሬ ዓይን ስናነበው ይህን ልንቃወም ይገባል፤ እንዲያውም ጥፋቱ የስክንድስ መሆኑን መጽሐፉ ካመነው በላይ ልናምን ይገባል። ይሁንና አነቃቂ መጻሕፍት ፈጽሞ የማይነኩትን ሰው የሚያነጋግረው ይኸው መጽሐፍ ነው። በራሱ እጅ ሌላውን የጎዳ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ያለፈበት፣ የማይታረም ጥፋት ተሸክሞ የሚኖር ሰው ስንት ነው? እንዲህ ላለው ሰው በራስህ እመን የሚል ምክር ስድብ ይሆንበታል። ስክንድስ ጥፋቱ አልተፋቀለትም፤ ዝምታው እስከ ሞት ነው። ጥያቄ ሲመጣለት ግን ይመልሳል፣ የሚያውቀውን ይሰጣል። ከጥፋት በኋላ የሚቀር ሥራ እንዳለ የግእዙ ስክንድስ ባሳየን መንገድ ያሳየ የአነቃቂ መጽሐፍ ምዕራፍ እስካሁን አላነበብኩም።

አራተኛው መጽሐፍ ትርጉም ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ለስምንት ዓመት ያህል በታሰረበት ጊዜ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ወደ አማርኛ መለሰ። መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ እስረኞቹ በሰዓት እየተፈራረቁ ያነቡት ነበር። ብዙዎቹ እንግሊዝኛውን መከተል ስለከበዳቸው ነቢይ ሊተረጉምላቸው ተነሣ። ወረቀት የለም። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ወረቀት እየፈታ ጻፈበት፤ 3,000 ያህል ቁራጭ ሞላ። ቁራጮቹ በሲጋራ ፓኮ ተደብቀው ከሚፈቱ እስረኞች ጋር እየወጡ በየሰዉ እጅ ተበተኑ። ከተፈታ በኋላ ከየቦታው አሰባሰባቸው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ።

ይህ ታሪክ በጋዜጣ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እንደ ተአምር። ሂስ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ለድሀው ሕዝብ ነጻነት ብሎ የታሰረ ትውልድ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የአሜሪካን ደቡብ ባለ ባሪያ ጌቶች የሚያሳዝን አድርጎ የሚያቀርብ፣ ጥቁሮቹን ከጌቶቻቸው የማይለዩ ታማኞች አድርጎ የሚስል ልቦለድ ውስጥ ምን አገኘ? የመጽሐፉን የታሪክ ውሸት ማስተባበል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። እኔ የሚታየኝ እስረኞቹ የያዙት የሚቸልን አስተያየት ሳይሆን ሥራውን መሆኑ ነው። ዛሬ የሚተረጎም ገጽ አለ፤ ነገ የሚነበብ ቁራጭ አለ፤ ወረቀቱን የሚፈልግ፣ የሚደብቅ፣ የሚያነብ፣ የሚያዳምጥ ሰው አለ። ጠዋት የሚጠራ ስም የማን እንደሆነ በማይታወቅበት ክፍል ውስጥ የሰውን ልብ ወደ ነገ የሚስብ ነገር ተፈጠረ። ብርታቱ ከመጽሐፉ ይዘት አልፎ መጽሐፉ በሰዎቹ መካከል ከሠራው ማኅበር የመጣ ነው። አነቃቂው ዘርፍ አንባቢውን ሁልጊዜ ብቻውን ያናግረዋል፤ አንተ፣ ፈቃድህ፣ ግብህ እያለ። በዚያ ክፍል ግን ብቻውን የጸና አልነበረም።

እነዚህ መጻሕፍት የሚጋሩት አንድ ባሕርይ ይኸው ይመስለኛል። የፖንዛው ምርኮኛ ከጌታው ከራስ እምሩ ጋር ነው፤ ተመስገን ከአምላኩ ጋር፤ ስክንድስ እንኳ በዝምታው ውስጥ ከጠያቂው ጋር ነው። ማንም በገዛ ፈቃዱ ብርታት ብቻ አልቆመም።

የስማይልስን ፍርሃት ግን አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ሐዘኑ ትኩስ ለሆነ ሰው የመከራ መዝገብ ማቀበል ሊጎዳ ይችላል። በጽኑ ድብርት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት ሐኪምና አጠገቡ የሚቀመጥ ዘመድ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ላይ መጽሐፍን መድኃኒት አድርጎ መስበክ ኃላፊነት የጎደለው ነው። እንዲሁም መከራን ማክበር መከራን ያመጣውን አካል ከተጠያቂነት ማዳን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሐዲስም ተመስገንም ወራሪውን በስሙ ይጠሩታል፤ የጽናታቸው ታሪክ የክስ ታሪክም ነው። እዚህ ላይ ከአነቃቂው ዘርፍ እጅግ ይበልጣሉ። ያኛው ሥራ አጡን ጠዋት በጊዜ እንዲነሣ ሲመክር ሥራ ለምን እንደጠፋ አይጠይቅም።

ስለዚህ አሳታሚዎቻችንን የምለምነው አለ። «ትዝታ» እና «ሕይወቴ» ዛሬ ላለው ወጣት የሚገባ መግቢያና የታሪክ ማብራሪያ ታክሎባቸው፣ በአቅሙ ዋጋ፣ በአዟሪዎቹ ክንድ ላይ እስኪታዩ ድረስ ይታተሙ። ስክንድስም ከሊቃውንት መደርደሪያ ወርዶ በሚነበብ አማርኛ ይዘጋጅ፤ የግእዝና የፍልስፍና ትምህርት ክፍሎች አብረው ቢሠሩበት የሚቸግር አይሆንም። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ደግሞ በችግር ላይ ላለ ወዳጅህ መጽሐፍ ልትገዛ ስትወጣ ከእነዚህ አንዱን ፈልግ፤ ስትሰጠውም ጥለህ አትሂድ፣ አብረኸው አንብብ።