የአደጋ ቁጥር ማነስ የደኅንነት ማረጋገጫ ነውን?

ብዙ የማምረቻ ድርጅቶች የሥራ ቦታ ደኅንነታቸውን የሚገልጹት በአንድ ቁጥር ነው። ይኸውም ሠራተኛን ከሥራ ያስቀሩ አደጋዎች ብዛት በ1,000,000 ተባዝቶ፣ ሠራተኞቹ በጠቅላላ ለሠሩት ሰዓት ሲካፈል የሚገኘው የአደጋ ድግግሞሽ መጠን ነው። 1,000 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በዓመት 2,000 ሰዓት ሠርተው 10 አደጋዎች ቢመዘገቡ መጠኑ 5 ይሆናል። ከተጎጂዎቹ አምስቱ በማግሥቱ ቀላል ሥራ ተሰጥቷቸው ቢገቡ ወደ 2.5 ይወርዳል፤ መከለያ የሌለው ማሽን ግን እንደነበረ ነው። በቴክሳስ ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 በደረሰው ፍንዳታ 15 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ በ2007 ሪፖርቱን ያቀረበው ገለልተኛ ቡድን ኩባንያው የግል አደጋዎችን መቀነስ የአጠቃላይ ደኅንነት ምልክት አድርጎ መውሰዱን ተችቷል።

ለጤና ባለሙያ ይበልጥ አሳሳቢው ጉድለት ቁጥሩ በሽታን አለማካተቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ጉዳት የሚለው አደጋን ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምሮ፣ ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው ቢሲኖሲስ ጥጡ ተበትኖ በሚጸዳበት ክፍል 43.2 በመቶ፣ በሚባዘትበት ክፍል ደግሞ 37.5 በመቶ መድረሱን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ማንም ሳይቆስልበት ዓመቱን ቢጨርስ በድግግሞሽ መጠኑ «ዜሮ» ይመዘገብ ነበር።

ከዚህም በላይ ቆጠራው በፋብሪካው በር ላይ ያበቃል። ትንፋሽ ያጠረው ሠራተኛ ሥራውን ለቆ ወደ ትውልድ ቦታው ሲመለስ ከአካፋዩም ከተካፋዩም ይወጣል፤ የሚቀሩት ጤነኞቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ደባርቅ ወይም ዳባት በሚገኝ ጤና ተቋም ሳል ይዞት ቢቀርብ በቅድሚያ የሳንባ ነቀርሳ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። አክታው ነጻ ሲሆን ግን የቀድሞ ሥራው ካልተጠየቀ ካርዱ ላይ «አስም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ስለሆነም የድግግሞሽ መጠኑ ይቅር ባይባልም ብቻውን ሊቆም አይገባም። በአየር ውስጥ ያለው የብናኝ መጠን፣ በቅጥር ጊዜና በየጊዜው የሚለካ የሳንባ አቅም፣ ተለይተው የታወቁና በወቅቱ የተወገዱ አደገኛ ሁኔታዎች ብዛት አብረውት መቅረብ አለባቸው። ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው ደግሞ ወጪ የሌለው ነው፦ «የት፣ ምን ሲሠሩ ነበር? ከዕረፍት ሲመለሱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረትዎን ያፍንዎት ነበር?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ።