ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

አሰላ ውስጥ አዲስ ቤት መብራት ልዘረጋ ስገባ ቀድሜ የምጠይቀው ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። የተለመደው የሶኬት መስመር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ስለሆነ ምጣዱ ብቻውን ይሞላዋል።

አሁን አሁን ከምጣዱ አጠገብ ማይክሮዌቭ እየተጨመረ ነው። «800 ዋት» ተብሎ ይሸጣል፤ ይህ ግን ምግቡ የሚያገኘው ኃይል ነው። ከመስመሩ የሚስበው 1200 ወይም 1300 ዋት፣ ማለትም ወደ 6 አምፔር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ጀርባው ላይ ተጽፏል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ 22 አምፔር ይሆናሉ። ብሬከሩ ታዲያ ወዲያው አይወርድም፤ በትንሽ ትርፍ ጭነት የሚወርደው ውስጡ ያለው ብረት ቀስ ብሎ ሞቆ ሲጎብጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽቦውም አብሮ ይግላል።

ደጋነታችንም ከሂሳቡ ይገባል። አሰላ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በውሃ የሚበስል ነገር ይዘገያል፣ ጭነቱም መስመሩ ላይ ይቆያል። የቤት ብሬከር ደረጃ የወጣለት ደግሞ እስከ 2000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን እንደልብ አይወስድም። ስለዚህ እኔ መስመር አፋፍ ድረስ አልሞላም፤ ሽቦውን የሚያስረውን ብሎንም ሳላጠብቅ አልወጣም።

ብሬከሩ ሲያስቸግራቸው «ልጄ፣ በ32 ቀይርልኝ» የሚሉኝ እናቶች አሉ።

«አይሆንም እማማ፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው» እላለሁ።

ባለ 2.5 ሽቦ ላይ 32 ከተቀመጠ፣ ሽቦው ሲነድ ብሬከሩ አይወርድም። ግድግዳው እንጨትና ጭድ ያለበት ጭቃ በሆነ ቤት ደግሞ እሳት ለመነሳት ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

መፍትሔው ለምጣዱ ባለ 4 ሽቦና ባለ 25 ብሬከር ለብቻው መዘርጋት ነው። ማይክሮዌቩም በዲቫይደር ሳይሆን በራሱ ባለ 16 መስመር፣ የመሬት ሽቦ በገባበት ሶኬት ይሰካ።

ሥራችን በልስን ይሸፈናል፤ ባለቤቱ አምኖን ይተኛበታል። የየመስመሩን የሽቦ ውፍረትና የብሬከር መጠን ጽፌ ማከፋፈያው ክዳን ውስጥ የምለጥፈው፣ ነገ የሚመጣው ባለሙያም ሽቦው የማይችለውን ብሬከር እንዳያስገባበት ነው።