የዋንዛው ቡፌና የክረምት ውሃ

ቡፌው ሁለት አካል ነው። የታችኛው ክፍል 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ 1 ሜትር ከ50 ወርድ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ሦስት መሳቢያና ሁለት በር ተሠርቶለታል። ባለመስተዋቱ የላይኛው ክፍል በታችኛው ላይ የሚያርፈው በአራት የእንጨት ካስማዎች ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ሚስማር የለም። ሁለት ሰው ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ካነሳው ይላቀቃል። እንጨቱ ዋንዛ፣ ጀርባው ኮምፔርሳቶ፣ ቅቡ ጎመላካ ነው። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ካለ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ወጥቶ እዚያው ጉለሌ ውስጥ ወዳለ አናጢ ቤት የመጣው ውሃ ስለገባበት ነው።

ውሃው የመጣበት መንገድ ለሰፈሩ ሰው እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጉለሌ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ከጋራው የሚመጣው ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያራገፈ አሸንዳ ውስጥ ይሞላል። አሸንዳው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ይገባል፣ ኮርኒሱ ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያም ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል። ቡፌ ደግሞ የሚቆመው ግድግዳ ተጠግቶ ነው። ሰው ጉዳቱን የሚያየው መሳቢያው አልከፈት ሲለው ነው።

አናጢው መሣሪያ አላነሳም። መጀመሪያ ቡፌውን መስኮት አጠገብ አቁሞ በጎን በሚመጣ ብርሃን መረመረው። የሚያየው አራት ነገር ነው፤ ቅቡን፣ የእንጨቱን ቀለም፣ ሙጫውንና ራሱን እንጨቱን። ውሃ እያንዳንዱን የሚጎዳው በተለያየ መንገድ ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው ይለያያል።

የላይኛው ሳንቃ ላይ ነጭ ደመና አለ። ይህ ቀላሉ ነው። ጎመላካ ውሃን ለጥቂት ጊዜ ይመክታል፤ ውሃው ከቆየበት ግን እርጥበቱ ቅቡ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ብርሃን እዚያ ላይ ስለሚበተን ለዓይን ነጭ ይሆናል። እንጨቱ ገና አልተነካም። በቀኝ በኩል፣ ማጠፊያው ካለበት ጀምሮ ወደ ታች የወረደው መስመር ግን ጥቁር ነው። ይህ ውሃው ቅቡን አልፎ እንጨቱ ዘንድ መድረሱን ይናገራል። ከማጠፊያው የወጣው ዝገት እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይፈጥራል። ጥንት በአውሮፓ የጽሕፈት ቀለም ይሠራ የነበረውም በዚሁ የብረትና የታኒን ውህደት ነው። እንዲህ ያለው እድፍ በመወልወል አይለቅም፤ እንጨቱ ውስጥ ነውና።

ቀጥሎ የቅቡ ማንነት ይፈተናል። መሳቢያው ሲዘጋ ከሚሰወር ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አልኮል ያኖራል፤ ትንሽ ጠብቆ በጣቱ ይነካዋል። ቅቡ ካጣበቀ ጎመላካ ነው። አልኮል ሳይነካው ቲነር የሚያሟሟው ከሆነ የኒትሮ ላከር ነው። ሁለቱም የማይደፍሩት ከሆነ ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬታን ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው ሌላ ነው። እዚህ ጣቱ ተጣበቀ።

ከዚህች ጠብታ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በውጤቷ ላይ የቆመ ነው። ጎመላካ የሚገኘው በህንድና በታይላንድ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ከሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ከሚወጣ ሙጫ ነው። አንዴ ደርቆ ለዘላለም የሚጠነክር ቅብ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልኮል ያሟሟዋል። ስለዚህ አዲሱ ቅብ በአሮጌው ላይ አይደረብም፤ ከአሮጌው ጋር ሟሙቶ አንድ ይሆናል። ፖሊዩሬታን እንዲህ አያደርግም። እሱ ከደረቀ በኋላ የሚቀባው አዲስ ንብብር ከላይ ተጣብቆ ይቀመጣል እንጂ ከበፊተኛው ጋር አይዋሐድም፤ የጥገናው ጠርዝም ሁልጊዜ ይታያል።

ከፈተናው በኋላ የሚመጣው መጠበቅ ነው። ቡፌው ፀሐይ ላይ አይወጣም። የሳንቃው አንድ ፊት ቀድሞ ከደረቀ ያ ፊት ይሰበሰባል፣ ሳንቃውም ይጎብጣል። ስለዚህ በሮቹ ይወልቃሉ፣ መሳቢያዎቹ ይወጣሉ፣ የተነፋው ኮምፔርሳቶ ይነሳል፤ አካሉ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ አየር በሁሉም በኩል እንዲያገኘው ሆኖ ይቀመጣል። እንጨት በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ የሚያብጠውና የሚሰበሰበው በወርዱ ነው። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ እርጥበቱ 5 በመቶ ሲለዋወጥ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። አራት ሚሊ ሜትር መሳቢያን ለማነቅ ከበቂ በላይ ነው። የታነቀውን መሳቢያ በእርጥበቱ የሚልግ አናጢ በጥር ወር መሳቢያው ሲወላለቅ ያየዋል። ይህኛው አናጢ መላጊያውን ያነሳው መሳቢያው ደርቆ በራሱ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚላግ ነገር አልቀረም።

በሮቹ ሳይሰነጠቁ የቀሩበት ምክንያት በአሠራራቸው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ በር አራት ዘንግ ያለው ፍሬምና መሐሉ የሚቀመጥ ሳንቃ ነው። ዘንጎቹ በወንዴና በሴቴ ተሰካክተው በሙጫ ተይዘዋል። መሐለኛው ሳንቃ ግን ፍሬሙ ውስጥ በተቦረቦረ ቦይ ገብቶ ያለ ሙጫ ተቀምጧል። ክረምት ሲያብጥ ቦዩ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለው፤ በጋ ሲሰበሰብ ጠርዙ ከቦዩ አይወጣም። የመጀመሪያው ሠሪ ለዝናቡ ወር የሚሆን ቦታ አስቀድሞ ትቶለታል። ሳንቃውን በጣት ገፋ ቢያደርጉት በትንሹ ይነቃነቃል። ያ ንቅናቄ ጉድለት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ሚስማር አይመታበትም።

የመሳቢያው ማዕዘን የርግብ ጭራ ቅርጽ ባላቸው ጥርሶች ተያይዟል። ጥርሶቹ ወደ ጫፋቸው ስለሚሰፉ መሳቢያው ሲሳብ የፊቱ ሳንቃ አይላቀቅም። ውሃው ጥርሶቹን አልጎዳም፤ የለቀቀው ሙጫው ነው። ሙጫው የድሮው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚፈላው ዓይነት ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ያላሉታል። አናጢው በሞቀ ውሃ የረጠበ ጨርቅ አድርጎበት ማዕዘኑን ሳይሰብር አላቀቀው፣ አሮጌውን ሙጫ ጠርጎ አጠበ፣ ከደረቀ በኋላ በዚያው ዓይነት ሙጫ መልሶ ሰካው። ከዚያ በሞርሳ ያዘው። ሁለቱን ሰያፍ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ በሜትር ለካ፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ መሳቢያው ቀጥ ያለ ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ስላገኘ ሞርሳውን ላላ አድርጎ እንደገና አጠበቀው።

የቀኙ የኋላ እግር ታችኛው ጫፍ በስብሷል። በወስፌ ሲወጋ እንጨቱ ይገባል። የበሰበሰው በአግድም አልተቆረጠም፤ በረጅም ሰያፍ ተቆረጠ። የሰያፉ ርዝመት የእግሩን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህላል። ሙጫ የእንጨት ቀጥታ ጫፍን በደንብ አይዝም፤ የእንጨት ጎንን ግን ከራሱ ከእንጨቱ ባላነሰ ጥንካሬ ይይዛል። ረጅም ሰያፍ ያንን ጎን ለሙጫው ይሰጠዋል። ቅጣዩ የተቆረጠው ከአሮጌ የዋንዛ አልጋ እግር ነው። የጭረቱ አቅጣጫ ከነባሩ ጋር ገጠመ፤ ለሥራው ሌላ እንጨት አልተፈለገም።

አሮጌ ዋንዛ የሚጠበቅበት ምክንያት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ኮሶን ከለላ ከሚሹ አገር በቀል ዛፎች መካከል አስቀምጦ ነበር። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመሮና ለመላጊያ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጎብጥም። ልቡ ከማር ቀለም እስከ ቡናማ ነው፤ ዕድሜም ያጠቁረዋል። ዛሬ በየገበያው የሚሸጠው ቁም ሳጥን በአብዛኛው ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ነው። ቺፑድ ውሃ ከጠጣ ፍርፋሪው ያብጥና ይላላል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ሙሉ ዋንዛ ግን አብጦ ይመለሳል።

ጥቁሩን መስመር ለማንሳት መጀመሪያ የዛገው ማጠፊያ ወለቀ፤ ምንጩ ሳይነሳ እድፉን ማጠብ ከንቱ ነው። እዚያ ያለው ቅብ ብቻ በአልኮል ተነሳ። ከዚያ በሞቀ ውሃ የሟሟ ኦክዛሊክ አሲድ በብሩሽ ተቀባ። አሲዱ መርዝ ነው፤ ጓንት ይፈልጋል፣ በብረት ዕቃ አይያዝም፣ ዱቄቱም ወደ አፍንጫ መግባት የለበትም። ደግሞም ጥቁሩ ያለበት ቦታ ብቻ አይቀባም። የተቀባው ቦታ ትንሽ ስለሚነጣ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሳንቃው በሙሉ ይቀባል፤ አለዚያ በጥቁሩ ፈንታ ነጭ መስመር ይተካል። መስመሩ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ እንጨቱ ቀለም ሄደ። ከዚያ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ታጠበ፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጭረቱ አቅጣጫ በስሱ ተዳሰሰ።

ቅቡ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ለ1 ሊትር አልኮል ከ120 እስከ 180 ግራም የጎመላካ ቅርፊት ይበቃል፤ አድሮ ሲሟሟ በቀጭን ጨርቅ ይጠለላል። መቀቢያው ጥጥ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተሠራ፣ በመዳፍ የሚያዝ ኳስ ነው። ከሥሩ ላይ አንድ ክር መጨማደድ የለበትም፤ ያ ክር እያንዳንዱ ንብብር ላይ ጭረት ይተዋል። ነጩ ደመና ላይ መጀመሪያ የሚያልፈው በአልኮል ብቻ በጥቂቱ የረጠበ መቀቢያ ነው። ቅቡ ለአፍታ ይላላል፣ የታሰረው እርጥበት ይወጣል፣ ደመናው ይጠፋል። ከዚያ ጎመላካው ይመጣል። እጁ ሳንቃው ላይ ሲያርፍም ሲነሳም በእንቅስቃሴ ላይ ነው፤ ለሰከንድ እንኳ ከቆመ መቀቢያው ከታች ያለውን ቅብ ያሟሟና ይነክሳል። መጀመሪያ በክብ፣ ቀጥሎ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራ፣ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ በጭረቱ አቅጣጫ ይሄዳል። እንዳይይዘው አንድ ጠብታ ዘይት መቀቢያው ላይ ያደርጋል። እያንዳንዱ ንብብር ከወረቀት ይቀጥናል። የዋንዛ ቀዳዳዎች ሰፋፊ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ንብብሮች ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ብርሃኑ የሚመጣው ቀዳዳዎቹ ከሞሉ በኋላ ነው። በመካከሉ አንድ ቀን ያርፋል፣ በ400 ቁጥር ወረቀት ይዳሰሳል፣ እንደገና ይቀባል።

ሥራው ሲያልቅ የሚታየው እንዲህ ነው። በጎን ብርሃን ሲያዩት ሳንቃው ላይ የጥገና ጠርዝ የለም። የእግሩ ቅጣይ በጣት ሲዳበስ አይሰማም፤ ጎንበስ ብሎ የፈለገ ሰው ግን ሰያፉን መስመር ያገኘዋል። አናጢው በቀለም አልሸፈነውም። ነገ የሚጠግነው ሰው የት እንደተቀጠለ እንዲያውቅ ነው።

የዚህ ቡፌ ትልቁ ብልሃት ሁሉም ነገሩ የሚፈታ መሆኑ ነው። ቅቡን አልኮል ይፈታዋል፣ ሙጫውን የሞቀ ውሃ ይፈታዋል፣ ሳንቃው ከቦዩ ይወጣል፣ የላይኛው አካል ከካስማው ይነሳል። መጀመሪያ የሠራው ሰው ውሃ አይነካውም ብሎ አልተማመነም፤ ከተነካ የሚድንበትን መንገድ ትቶለታል። ጠጋኙም መንገዱን ሳይዘጋ መለሰው። ሙጫውን በሙጫ፣ ጎመላካውን በጎመላካ፣ ዋንዛውን በዋንዛ ተካ። ብዙ ሰው ቡፌውን ሲሰጥ «ገፈህ አዲስ አድርግልኝ» ይላል። ማሽን ነባሩን ቅብ ከነዕድሜው ይገፈዋል፣ ጥርሶቹን ያሳሳል፣ በምትኩ የሚቀባው ፖሊዩሬታንም ለወደፊቱ ጠጋኝ በሩን ይዘጋበታል።

ስለዚህ ክረምት ሲወጣ ቤትዎ ያለውን ቡፌ ከግድግዳው ገለል አድርገው ጀርባውን ይዩ። ውሃ ከነካው ለቆራሌው አይስጡት፣ ፀሐይ ላይም አያውጡት። ወደ አናጢ ሲወስዱት የመጀመሪያው ጥያቄዎ ስለ ዋጋው አይሁን፤ ቅቡ ምን እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱን ከመስጠቱ በፊት አልኮልና ጨርቅ የሚፈልግ አናጢ ካገኙ ቡፌዎን ትተውለት ይሂዱ።