የግንባታ ቃላት በሥራ ቦታና በመማሪያ ክፍል

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። በነዚህ ከተሞች ግንበኛው፣ ፌራዮው፣ ተቆጣጣሪውና የቤቱ ባለቤት በአንድ ግድግዳ ሥር ቆመው ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩባቸው ቃላት ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ አይደሉም። የሙያ ማሠልጠኛ ጽሑፎች በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃሉ፤ የሥራው ቦታ ቋንቋ አማርኛና ኦሮምኛ ነው፤ የዕቃውና የሥራው ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። የትምህርቱ ጉድለት ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ቡሎኬት፣ ጀሶና ሊሾ ከጣሊያንኛ ገብተው የሠራተኛው ሀብት ሆነዋል። ባዕድ ናቸው ተብለው የሚናቁበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ሲወረሱ ትርጉማቸው ተለውጧል። አርማታ የሚለው ቃል በምንጩ በብረት የተጠናከረ ማለት ነው፤ በእኛ አገር ግን ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በውኃ ተቦክቶ ሲሞላ፣ ብረት ኖረውም አልኖረው፣ አርማታ ይባላል። ስለዚህ ለባለቤቱ «አርማታ ነው» ሲባል፣ ፌሮው በልኩ መግባቱን፣ ስታፋውም በየርቀቱ መታሰሩን አልተነገረውም። ከሙሌቱ በኋላ ደግሞ ብረቱ በዓይን አይታይም። ኮርኒስም እንዲሁ በምንጩ የግድግዳና የጣሪያ መጋጠሚያ ጌጥ ሲሆን፣ በአማርኛ ከጣሪያው ሥር የሚለበጠው ሆኗል። ሠልጣኙ ቃሉን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያገኝ የሚያውቀው መስሎት ይሳሳታል።

ነባሮቹ ቃላት በአንጻሩ ሥራቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ውኃ ልክ የመሣሪያውን አሠራር በስሙ ያስረዳል። ቱንቢ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7፣ የግድግዳ ቀጥ ማለት መመዘኛ ሆኖ ይገኛል። ምሰሶ፣ ማገርና ወራጅ ሸክም ከየት ወዴት እንደሚወርድ የጭቃ ቤት ሠሪው ከልጅነቱ የተማረባቸው ቃላት ናቸው። እነዚህን ከክፍል ውጭ ትቶ የሸክምን ትምህርት ከባዶ መጀመር የሠልጣኙን ዕውቀት ማባከን ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በአፈር ትምህርት ላይ ይታያል። በሱሉልታ ሜዳ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ በአካባቢው አጠራር ኮቲቻ፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጥልቀቱ ያልተጠና መሠረት በላዩ ሲያርፍ አብሮት ይነሣል፣ አብሮትም ይወርዳል፤ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅም ይከተላል። ተማሪው የዚህን አፈር ባሕርይ በእንግሊዝኛ ስሙ አጥንቶ ፈተና ሊያልፍ ይችላል። አባቱ የሚያርሰው ኮቲቻ ያው አፈር መሆኑን ካላወቀ ግን ዕውቀቱ ከደብተር አልወጣም። ስንጥቁን የልስን ጉድለት አድርጎ በስቱኮ ይደፍነዋል፤ በሚመጣው ክረምት ይከፈታል።

መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ከግዕዝ አዲስ ስም ማውጣት ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከቀና ልብ ቢመነጭም፣ ግንበኛው የማይሰማው ስም አራተኛ ቋንቋ ከመጨመር አያልፍም። የሥራውን ቦታ ቃል እንዳለ ተቀብሎ ማለፍም አይበቃም፤ የአርማታ ምሳሌ ይህን ያሳያል። እንግሊዝኛውም ቢሆን ለሥራ ንድፍና ለከፍተኛ ትምህርት አስፈላጊ ስለሆነ የሚጣል አይደለም።

በመሆኑም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለእያንዳንዱ ዋና ቃል አራት ነገር በአንድነት ቢያቀርቡ ይበጃል፤ የሥራውን ቦታ አጠራር በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ትክክለኛ ትርጉሙን፣ የእንግሊዝኛ አቻውን፣ በምርመራ ጊዜ የሚታየውን ምልክት። መምህሩም ፈተናውን በጽሑፍ ብቻ ባይወስነው መልካም ነው። ሠልጣኙ በተሰነጠቀ ግድግዳ ፊት ቆሞ የስንጥቁን ምክንያት ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳ። ባለቤቱ ከተረዳው ትምህርቱ ሠምሯል፤ ካልተረዳው ግን ቃሉ እንጂ ሙያው አልተላለፈም።